ሳንቶሪኒ ላይ የሚገኘውን የጥንታዊ ቴራ ፍርስራሽ ከእናቴና ከልጄ ጋር እንዴት ልጎብኝ?

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ በዚህ ክረምት ከአዲስ አበባ ስለሚመጡ፣ ከእርሳቸውና ከ9 ዓመት ልጄ ጋር ወደ ግሪክ ሳንቶሪኒ ደሴት ለመሄድ ቲኬት ቆርጫለሁ። የምንቆየው ከኦገስት 18 እስከ 25 ነው። ልጄ ስለ ጥንታዊ ግሪክ በትምህርት ቤት ከተማረ ወዲህ፣ ሜሳ ቩኖ በተባለው ተራራ አናት ላይ ያለውን የጥንታዊ ቴራን ከተማ ሳላይ አልመለስም ብሏል፤ እናቴም ልጁ ካለበት አይቀሩም።

ያስጨነቀኝ ነገር አለ። እናቴ 68 ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ የደም ግፊት ክኒንም በየጠዋቱ ይወስዳሉ። ጊዜው ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ስለሆነ፣ ክኒናቸውን ከሚውጡበት ጥቂት ውኃ በቀር እስከ 9 ሰዓት እህልም ውኃም አይቀምሱም። ወደ ተራራው ከካማሪ ወይስ ከፔሪሳ በኩል መውጣት ይሻላል? መኪና እስከ ምን ድረስ ይደርሳል? እናቴ የማይችሉት ከሆነ በዚያው ደሴት ሌላ ምን ላሳያቸው? የእርሳቸው ቪዛ ጀርመን የሰጠችው የሼንገን ቪዛ ነው፤ ለግሪክ ይበቃልን? የምታውቁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ (ከአቴንስ ነዋሪ)

እህቴ፣ ከቀላሉ ልጀምርና፣ ጀርመን የሰጠችው የሼንገን ቪዛ ቀኑ እስካላለፈ ድረስ ለግሪክም ያገለግላል። የአገር ውስጥ በረራ ቢመስልም ፓስፖርታቸውን ይዘው ይጓዙ፤ አንዳንድ ጊዜ በር ላይ ይጠየቃል።

ወደ ተራራው ስንመጣ፣ ሜሳ ቩኖ በካማሪና በፔሪሳ መካከል እስከ ባሕሩ ድረስ የሚዘልቅ፣ ቁመቱ 370 ሜትር ገደማ የሆነ የኖራ ድንጋይ ተራራ ነው። ከኋላው ካለው ከፍተኛው የፕሮፊቲስ ኢሊያስ ተራራ ጋር የሚያገናኘው ዝቅ ያለ ቦታ ሴላዳ ይባላል፤ ትርጉሙ ኮርቻ ማለት ነው፤ መልኩም በትክክል ኮርቻ ነው። መኪና የሚደርሰው እዚያ ድረስ ብቻ ሲሆን፣ መንገዱም ያለው በካማሪ በኩል ነው። ከፔሪሳ በኩል የሚወጣው የእግር መንገድ ብቻ ስለሆነ ለእናትዎ ፈጽሞ አላስበውም። የካማሪው መንገድ ጠባብና ከ20 በላይ እጥፋት ያለው ጠመዝማዛ ስለሆነ፣ የኪራይ መኪና ለመንዳት ልምድ ከሌለዎት ከካማሪ የሚነሱትን ሚኒባሶች ይያዙ። ከዋናዋ ከተማ ከፊራ እስከ ካማሪ ደግሞ የሕዝብ አውቶቡስ አለ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሴላዳ ደረስኩ ማለት ከተማው ደረስኩ ማለት አይደለም። የቲኬት ቤቱን ካለፉ በኋላ ያለው መንገድ ዳገት ነው፤ ድንጋዩ ያልተስተካከለ ነው፤ ከተማውም በተራራው ጀርባ ላይ በርዝመቱ የተዘረጋ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ደርሶ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ያህል መመደብ ያስፈልጋል። ጥላ የለም፤ ሱቅም የለም። ቦታው የሚከፈተው ጠዋት ሲሆን የሚዘጋው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ቀደም ብሎ ነው፤ በሳምንትም አንድ ቀን ዝግ ይሆናል፤ ቀኑ ከዓመት ዓመት ሊለወጥ ስለሚችል ከመውጣትዎ በፊት ያረፉበትን ሆቴል ይጠይቁ። በነሐሴ መልተሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ብርቱ ስለሆነ፣ የልጁ ባርኔጣ ማሰሪያ ያለው ይሁን፤ በጫፎቹ ላይ የእጅ መደገፊያ ስለሌለም እጁን አይልቀቁ።

መልስ (ከስቶክሆልም)

እኔ ባለፈው ዓመት በሐምሌ ከፔሪሳ በኩል በእግሬ ወጥቼ ነበርና ልመስክር። የተነሣሁት አርፍጄ ነው፤ የያዝኩት አንድ ሊትር ውኃ ኮርቻው ላይ ሳልደርስ አለቀ፤ ከላይ የሚሸጥ አገኛለሁ ብዬ ነበር፤ የሚሸጥ አልነበረም። አንድ ቤተሰብ ከራሱ አካፍሎኝ ነው ጉብኝቴን የጨረስኩት። በዚያን ጊዜ 34 ዓመቴ ነበር፤ ጾምም አልነበርኩም። የእናታችንን ነገር ሳነብ ልቤ የተሸበረው ለዚህ ነው።

ለራስዎና ለልጁ ግን ከካማሪ በኩል ያለውን የእግር መንገድ ጠዋት በማለዳ ሊያስቡበት ይችላሉ፤ በመንገዱ ላይ ዞኦዶኮስ ፒጊ የተባለች፣ በዋሻ ውስጥ ካለ ምንጭ አጠገብ የተሠራች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ያ ውኃ ለጥንቱ ከተማ ሰዎች ብርቅ እንደነበረ የሚገባዎት ከላይ ሆነው በየቤቱ ሥር የተቆፈሩትን የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያዎች ሲያዩ ነው።

መልስ (ነርስ፣ ከሙኒክ)

እህቴ፣ ስለ ክኒኑ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከደም ግፊት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ሽንት የሚያበዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ክኒን ጠዋት ውጦ፣ ሌላ ውኃ ሳይጠጡ በነሐሴ ፀሐይ ዳገት መውጣት ሰውነትን በፍጥነት ያደርቃል፤ ግፊቱ በድንገት ወርዶ ራስ መሳት ሊያመጣ ይችላል። ራስ የሚሳተው ደግሞ መደገፊያ በሌለው የገደል ዳር ላይ ሊሆን ነው። መፍትሔው ክኒኑን መተው አይደለም፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት አይቋረጥም። ከመምጣታቸው በፊት የክኒኑን ስም ይዘው አዲስ አበባ ላይ የሚከታተላቸውን ሐኪም ያማክሩ፤ ጾሙንም የጉዞውንም ነገር አብረው ይንገሩት።

ለጉልበቱ ደግሞ መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው የሚያስቸግረው። በሁለት እጅ የሚያዝ የመራመጃ ምርኩዝና ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ያዘጋጁላቸው። የኖራ ድንጋይ ብዙ እግር ሲረግጠው እየለሰለሰ ያንሸራትታል።

መልስ (በቤተ ክርስቲያን የማገለግል፣ ከሮም)

የተወደዱ እህታችን፣ ቀኑን አንድ ጊዜ ይመልከቱት። ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1፣ የሚፈታው ነሐሴ 16 ነው፤ ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር ከኦገስት 7 እስከ 22 ይሆናል። እርስዎ በደሴቲቱ የሚቆዩት እስከ 25 ነው። ስለዚህ ተራራውን ለ23 ወይም ለ24 ቢያቆዩት እናትዎ ጾሙን ሳይሽሩ፣ ውኃቸውንም እየጠጡ መሄድ ይችላሉ። ከዚያ በፊት ሐኪሙ ውኃ ግድ ነው ካለ ጉዳዩን ለንስሐ አባታቸው ይንገሩ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ሕመምተኛን አታስጨንቅም፤ ነገር ግን እናትዎ ከልጃቸው አፍ ይልቅ ከንስሐ አባታቸው ቢሰሙት በሰላም ይቀበሉታል።

ግሪኮቹ የእመቤታችንን ጾም የሚጾሙት ከኦገስት 1 ጀምሮ እስከ 15ኛው ቀን በዓል ድረስ ስለሆነ እናንተ ስትደርሱ የእነርሱ ተፈቷል። ቢሆንም ምግብ ቤት ገብታችሁ «ኒስቲሲሞ» ብትሉ የጾም ማለታችሁ እንደሆነ ይገባቸዋል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ በእነርሱ ሥርዓት እንደ ሽሪምፕና ኦክቶፐስ ያለው የባሕር እንስሳ በጾም ይበላልና፣ ይህም እንደማይፈለግ አብረው ይናገሩ። የደሴቲቱ ፋቫ ለእናትዎ የሚስማማ ይመስለኛል፤ ከእኛ ጓያ ጋር የቅርብ ዘመድ ከሆነ እህል ተከክቶ እንደ ወፍራም ሽሮ የሚቀርብ ነው።

እናትዎ ከላይ ሲደርሱ የሚያዩትንም ልንገርዎ፤ ከበሩ ገብቶ ዳገቱን ሲወጡ ብዙም ሳይርቅ የቅዱስ እስጢፋኖስ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ የተሠራውም በመልአኩ በቅዱስ ሚካኤል ስም ተሠርቶ በነበረ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ላይ ነው። ጉልበታቸው እምቢ ካለ ከዚያ በላይ ባይሄዱም ተሳልመው፣ ባሕሩን አይተው ይመለሳሉ። ሌላም ልጨምርልዎ፤ የጌታችንን መስቀል የተሸከመው ስምዖን የመጣባት ቀሬና የተመሠረተችው ከዚህችው ተራራ በወጡ ሰዎች ነው። ሄሮዶቱስ እንደጻፈው በቴራ ሰባት ዓመት ዝናብ ጠፍቶ ነበርና፣ ከሕዝቡ ከፍለው ወደ ሊቢያ ላኩ፤ ይህም የሆነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ630 አካባቢ ነው። ይህን እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቢያወጉላቸው ቦታው የማያውቁት የባዕድ አገር ሆኖ አይቀርባቸውም።

መልስ (የታሪክ መምህር፣ ከአዲስ አበባ)

የልጁ ፍላጎት ደስ ስላሰኘኝ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ። ከተማዋን የመሠረቱት ከስፓርታ የመጡ ዶርያውያን የተባሉ ግሪኮች ናቸው፤ ቁፋሮውን ያካሄደው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሂለር ፎን ጌርትሪንገን ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። ከቅዱስ እስጢፋኖስ ቀጥሎ ልጁን በአለት ላይ ወደተቀረጸው የአርጤሚዶሮስ መቅደስ ይውሰዱት። አርጤሚዶሮስ ከፔርጌ የመጣ ሰው ነበር፤ በአለቱ ላይ የዜውስን ንስር፣ የአፖሎን አንበሳ፣ የፖሲዶንን ዶልፊን አስቀርጿል፤ የራሱንም መልክ አክሊል ደፍቶ አስቀርጿል። ሦስቱን እንስሳት ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ ቢተዉት ፀሐዩን ይረሳዋል። ቀጥሎ የገበያው አደባባይ፣ ዓምዶቹ በመካከል የቆሙለት የንጉሡ አዳራሽና ወደ ባሕር የሚያይ ትያትር አለ።

በተራራው ወዲያኛው ጫፍ፣ ከአፖሎ ካርኔዮስ መቅደስ አጠገብ፣ በአለቱ ላይ እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት የግሪክ ጽሑፎች አንዳንዶቹ ይታያሉ። አንዳንዱ ከቀኝ ወደ ግራ የተጻፈ ነው። የግሪክ ፊደል ከፊንቄ የተወሰደ ሲሆን፣ የእኛም ፊደል በሌላ ቅርንጫፍ ከዚያው ከጥንቱ የሴም ፊደል የሚመዘዝ ነው። በአቡጊዳ ሥርዓት አልፍ፣ ቤት፣ ገምል፣ ድንት ብለው ለልጁ ያስቆጥሩትና አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ፣ ዴልታ እንዲያስተያይ ያድርጉት። አያቱ ቢያስቆጥሩት ደግሞ የበለጠ ያምራል።

አንድ የምወደው ነገር ልጨምር። ቴራ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛውና በ2ኛው መቶ ዓመት የግብፅ ነገሥታት የጰጥሎሜዎሳውያን የባሕር ኃይል ሰፈር ነበረች። ከእነዚሁ ነገሥታት ሦስተኛው ጰጥሎሜዎስ በቀይ ባሕር ዳር ባለችው በአዱሊስ የድንጋይ ጽሑፍ ትቶ ነበር፤ ይህን ጽሑፍ በንጉሥ ካሌብ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ ገልብጦ ስላቆየው እስከ ዛሬ ይነበባል። በጽሑፉ ንጉሡ ከአባቱ የወረሳቸውን አገሮች ሲዘረዝር ግብፅንና ሊቢያን፣ ሶርያንና ቆጵሮስን፣ የኪክላዴስ ደሴቶችንም ይጠራል፤ ለጦርነትም ከኢትዮጵያ ምድር የተያዙ ዝሆኖች እንዳሰለፈ ይናገራል። ቴራ ከኪክላዴስ አንዷ ናት። ስለዚህ ልጅዎ በዚያ አደባባይ ሲቆም፣ የጋራ ስማቸው በቀይ ባሕር ዳር በድንጋይ ተጽፎ ከነበረው ደሴቶች በአንዷ ላይ ነው የሚቆመው።

ተጨማሪ ጥያቄ (ጠያቂዋ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የጾሙ መፍቻ በቆይታችን መካከል እንደሚውል ሳላስተውል ቀርቼ ነበር፤ ተራራውን ለ23 አዛውሬዋለሁ፤ ዝግ ከሆነ ለ24። እናቴ የቀሬናውን ስምዖን ነገር በስልክ ስነግራቸው «እንኳን በመኪና፣ በበቅሎም ቢሆን እወጣለሁ» ብለውኛል። ሐኪማቸውንም ሰኞ ያያሉ። አሁን የቀረኝ ከ18 እስከ 22 ያሉት ቀናት ናቸው፤ በጾሙ ጊዜ ብዙ ሳይደክሙ የሚያዩት ምን አለ?

መልስ (ከአቴንስ ነዋሪ)

አክሮቲሪን ያሳዩአቸው። ከጥንታዊ ቴራ በፊት ብዙ መቶ ዓመታት የነበረች ከተማ ናት፤ እሳተ ገሞራው በአመድ ቀብሯት ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ስፒሪዶን ማሪናቶስ ቁፋሮዋን ጀመረ። መላዋ በጣሪያ የተሸፈነች ስለሆነች ፀሐይ አይነካቸውም፤ የሚረገጠውም የእንጨት መተላለፊያ ስለሆነ ጉልበታቸውን አያስቸግርም፤ ሁለት ፎቅ ያላቸው ቤቶችና ትልልቅ የእህል ጋኖች ከነቦታቸው ይታያሉ። ከፊራ አውቶቡስ አለ። ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ገብታችሁ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ወደ ማረፊያችሁ ብትመለሱ እስከ 9 ሰዓት ጋደም ይላሉ። በሌላው ቀን ደግሞ እስከ ፕሮፊቲስ ኢሊያስ አናት በመኪና ይውሰዷቸው፤ 567 ሜትር ከፍታ ላይ የነቢዩ ኤልያስ ገዳም አለ፤ ከዚያ ሆነው ሜሳ ቩኖን ቁልቁል ስለሚያዩት፣ በ23 የሚወጡትን ዳገት ራሳቸው ገምተው ይወስናሉ። ለ23ቱ ሚኒባስ ከፈለጉ ከዋዜማው ካማሪ ወርደው የመጀመሪያውን ጉዞ ያስመዝግቡ፤ ለመመለሻውም ሰዓቱን አብረው ይጠይቁ፤ ለሦስታችሁ ቢያንስ አራት ሊትር ውኃ ይያዙ።