የአዲስ ሞተር ሳይክል ዋጋ ከተለጠፈው በላይ የሚሆነው ለምንድነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የተለጠፈው ዋጋና የመጨረሻው ሂሳብ ይህን ያህል የሚራራቁት ለምንድነው? የቱንስ ማስቀነስ ይቻላል?

መልስ 1፦ የተለጠፈው ብዙውን ጊዜ መነሻ ዋጋ ብቻ ነው። ማጓጓዣ፣ ገጣጠማ፣ ታክስ፣ ሰሌዳና ኢንሹራንስ በላዩ ይመጣሉ። ታክሱ ማጓጓዣው ከተደመረ በኋላ የሚሰላ ከሆነ ደግሞ አንዱ ሲጨምር ሌላውም አብሮ ይጨምራል።

መልስ 2፦ ገጣጠማውን አትናቁት። ሞተሩ በሳጥን ታሽጎ ሲመጣ የፊት ጎማው፣ መሪውና ስፖኪዮው አብዛኛውን ጊዜ ተፈተው ነው። መካኒኩ ይገጥማል፣ ብሎኖቹን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) በልካቸው ያጠብቃል፣ ባትሪውን ቻርጅ ያደርጋል፣ ፍሬኑንና የካቴናውን ውጥረት ያያል። በችኮላ ተሠርቶ የመሪው ብሎን ከላላ አደጋው የነጂው ነው። እዚህ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ አትሞክሩ!

መልስ 3፦ ክርክሩ «የሰነድ ዝግጅት» በሚለው ክፍያ፣ ሳትጠይቁ በተገጠመ አላርምና በተራዘመ ዋስትና ላይ ይሁን። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት «ሁሉንም ጨምሮ ስንት?» ብላችሁ ዝርዝሩን በጽሑፍ ተቀበሉ። ገጣጠማ በማጓጓዣው ውስጥ ተካትቶ ለብቻውም እንዳይደገም መስመር በመስመር እዩት። የመጀመሪያው ሰርቪስ፣ በብዙ ሞዴሎች 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚደረገው የዘይትና የፊልትሮ ቅያሬ፣ በማን ሂሳብ እንደሆነም ጠይቁ።