ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች ተከታትለው የሚመጡባቸው የእንግሊዝኛ ቃላት እንዴት ይነበባሉ?

ጥያቄ (ጀማሪዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝኛ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብ ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች የተከታተሉበት ቃል ላይ ስደርስ እደናቀፋለሁ። «ኢናፍ» ላይ «አፍ» የተባለው «ዶ» ላይ ሲደርስ «ኦ» ይሆናል። በተለይ «ዞ»፣ «ስሩ» እና «ሶት» በጽሑፍ ስለሚመሳሰሉብኝ ትርጉማቸውም ይምታታብኛል። የሚመራኝ ሕግ አለ? ከሌለም ቃላቱን ከነትርጉማቸው ጻፉልኝ።

መልስ (ቋንቋ አስተማሪ)፦
እህቴ፣ ለሁሉም የሚሠራ አንድ ሕግ የለም። የሚሻለው በድምፅ እየቧደኑ መያዝ ነው። «ታፍ» ጠንካራ ወይም አስቸጋሪ፣ «ራፍ» ሻካራ፣ «ኢናፍ» በቂ ማለት ነው፤ ሦስቱም በ«አፍ» ያልቃሉ። «ኮፍ» (ሳል) እና «ትሮፍ» (ከብት የሚበላበት ወይም የሚጠጣበት ገንዳ) በ«ኦፍ»። «ዞ» (ምንም እንኳ) እና «ዶ» (ሊጥ) በ«ኦ»። «ፕላው» (ማረሻ) እና «ባው» (የዛፍ ትልቅ ቅርንጫፍ) በ«አው»። «ስሩ» ግን ብቻውን ነው ማለት ይቻላል፤ በአንድ ነገር ውስጥ አልፎ መሄድን ያመለክታል።

መጨረሻቸው ላይ ቲ ሲጨመር ነገሩ ይቀላል፤ ሁልጊዜ «ኦት» ነው። አብዛኞቹ ያለፈ ጊዜ ግሶች ናቸው፦ «ሶት» አሰበ፣ «ቦት» ገዛ፣ «ብሮት» አመጣ፣ «ፎት» ተዋጋ፣ ሌላው «ሶት» ደግሞ ፈለገ። ሁለቱ «ሶት» በጽሑፍ ይለያያሉ፤ «አሰበ» በቲ-ኤች፣ «ፈለገ» በኤስ ይጀምራል።

መልስ (የማታ ተማሪ)፦
«ሁልጊዜ» የሚለው ይታረም። ድርቅ ማለት የሆነው ቃል በቲ ቢያልቅም «ድራውት» ነው የሚባለው። ብዙ ጊዜ ስለሚያጋጥም ለብቻው ይያዝ።
«ቦት» እና «ብሮት» ለሚምታቱበት ደግሞ፦ አመጣ የሚለው ግስ በአሁን ጊዜው «ብሪንግ» ውስጥ አር አለ፣ በ«ብሮት»ም አለ። «ባይ» (መግዛት) አር የለውም፣ «ቦት»ም የለውም። እኔ በዚህ ነው የምለያቸው።

መልስ (ቋንቋ አስተማሪ)፦
ልክ ነው፣ «ድራውት» ከሕጉ ውጭ ነው። አመሰግናለሁ።

መልስ (የታሪክ ወዳጅ)፦
ምክንያቱን ማወቅ ንዴቱን ያበርደዋል። ድሮ ጂ እና ኤች አብረው ሲጻፉ ከጉሮሮ የሚወጣ፣ ወደ «ኽ» የሚጠጋ ድምፅ ነበራቸው። ከጊዜ በኋላ ድምፁ በአንዳንድ ቃላት ጠፋ፣ በሌሎቹ «ፍ» ሆነ። ማተሚያ ቤት እንግሊዝ አገር የገባው በ1476 እ.ኤ.አ. ነው፤ አጻጻፉ እየረጋ ሲሄድ የአናባቢዎቹ ድምፅ ገና እየተለወጠ ነበር። አፉ ሲሄድ ብዕሩ ቆሞ ቀረ። አሜሪካውያን አንዳንዱን አቅልለዋል፤ «ፕላው»ን በፒ፣ ኤል፣ ኦ፣ ደብልዩ ብቻ ይጽፉታል። «ሂካፕ» (ስቅታ) መጨረሻው በኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች ተጽፎ ብታዪው አትደንግጪ፤ ሰዎች ከ«ኮፍ» ጋር አዛምደውት የመጣ አጻጻፍ ነው፣ ንባቡ ያው «ሂካፕ» ነው።

ጥያቄ (ጀማሪዋ)፦
እግዜር ይስጥልኝ! «ስሩ»ን የሚመስል፣ ግን ረዘም ያለ ቃልም አይቻለሁ። እሱስ?

መልስ (የማታ ተማሪ)፦
«ሳረ» ነው፤ አሜሪካውያን «ሰሮ» ይሉታል። ምንም ሳያስቀር የተሠራ፣ ጥንቅቅ ያለ ማለት ነው። በጽሑፍ እንዲህ ለያቸው፦ ከ«ዞ» ተነሺ። ከቲ-ኤች ቀጥሎ አር ብትጨምሪ «ስሩ» ይሆናል። ኦ እና አር ብትጨምሪ «ሳረ»። ከ«ዞ» የመጀመሪያውን ኤች ብታወጪ «ታፍ»፣ መጨረሻው ላይ ቲ ብትጨምሪ «ሶት»። አምስቱን አንድ ወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች ጽፈሽ የሚለያየውን ፊደል ብቻ በቀይ አቅልሚው።