የስቲቨንሰን «ሮኬት» ለምን አሸነፈ?

መምህሩ፣ አዳማ፦
ቴክኒክና ሙያ አስተምራለሁ። ስለ እንፋሎት ኃይል ስንማማር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1829 እንግሊዝ ሬይንሂል ላይ በተደረገው የሎኮሞቲቮች (ባቡር የሚጎትቱ ሞተሮች) ውድድር 500 ፓውንድ የተሸለመው የስቲቨንሰን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ «ሮኬት» ላይ ደረስን። ተማሪዎቼ «ቀላል ስለነበረ አሸነፈ» ይላሉ። ለእኔ ይህ ብቻ አልበቃኝም። ትክክለኛው ምክንያት ምንድን ነው?

የቦይለር ሠራተኛ፣ ወንጂ፦
መምህር፣ ጥያቄዎ የልቤን ነካ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ስኳር ፋብሪካ ቦይለር ላይ ነው። ምክንያቱን ውሃ አፍልቶ እንፋሎት በሚያወጣው ቦይለሩ ውስጥ ይፈልጉት።

ከዚያ በፊት በነበሩት ሎኮሞቲቮች እሳቱ በአንድ ወይም በሁለት ወፋፍራም ቱቦዎች ያልፍና አብዛኛው ሙቀት በጭስ ማውጫው ይባክናል። ሮኬት ላይ ግን ዲያሜትራቸው 7.6 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ 25 የመዳብ ቱቦዎች ውሃው መሃል ተዘረጉ። ሐሳቡን ያቀረበው ውድድሩን ያዘጋጀው የባቡር ኩባንያ ጸሐፊ ሄንሪ ቡዝ ነው። ተማሪዎችዎን ያሳስቧቸው፦ የ25ቱን አፍ ስፋት ያህል ያለው አንድ ቱቦ ዲያሜትሩ 38 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የ25ቱ ዙሪያ ሲደመር ግን የእርሱን ዙሪያ አምስት እጥፍ ነው። ውሃው እሳት ያጋለውን መዳብ አምስት እጥፍ ይነካል ማለት ነው!

ሌላው ደግሞ ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት ወደ ጭስ ማውጫው መለቀቁ ነው። ሽቅብ ሲወረወር አየር ከምድጃው እየሳበ እሳቱን ያነድደዋል፤ እንፋሎት የሚገፋው ፒስተን በፈጠነ ቁጥር እሳቱም ይበረታል። እኛ አየሩን የምንስበው በማራገቢያ ነበር፤ በሩን ስንከፍት ነበልባሉ ወደ ውስጥ እንዴት እንደሚጎተት ያየ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል።

የባቡር ጣቢያ ሰፈር ልጅ፦
ክብደቱን በተመለከተ፣ «ኖቬልቲ» የተባለው ተወዳዳሪ ከሮኬት ይልቅ ቀላል ነበር፤ ፈጣንም ነበር። ደጋግሞ ተበላሽቶ ከውድድሩ ወጣ እንጂ። ሮኬት ግን የተጠየቀውን ርቀት እስከ መጨረሻው ሮጧል፤ ከፍተኛ ፍጥነቱም በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሷል።

መምህሩ፣ አዳማ፦
አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ በእኛ ከተማ ያልፍ የነበረው የፈረንሳዩ ባቡርስ በዚሁ ዘዴ ነበር የሚሠራው?

የቦይለር ሠራተኛ፣ ወንጂ፦
አዎ። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ በደረሰው መስመር ላይ፣ ናፍጣ እስኪተካቸው ድረስ የሠሩት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችም ቱቦና ወደ ጭስ ማውጫ የሚለቀቅ እንፋሎት ነበራቸው። ቱቦዎቹ ቁጥራቸው በዛ እንጂ ዘዴው ያው ነው። ሰሌዳው ላይ ሲስሉ ከእሳቱ ሳጥን ይጀምሩ፤ ጭስ ማውጫውን መጨረሻ ላይ ያድርጉት።