ለልዩ ፍላጎት ልጆች በእጅ የሚዳሰስ የፊደል ማስተማሪያ እንዴት ይዘጋጅ?

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ባሕር ዳር

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ክፍል አስተምራለሁ። ዳውን ሲንድረም ያለበት የዘጠኝ ዓመት ተማሪዬ የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በዜማ ያወርደዋል፤ ነገር ግን አንዲቷን ፊደል ከገበታው ለይቼ ባሳየው አያውቃትም። አጠገቡ የምትቀመጠው ልጅ እይታዋ አነስተኛ ስለሆነ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ እጅግ ካላስጠጋች አታነብም። ሌላው ኦቲዝም ያለበት ተማሪ ደግሞ ስለማይናገር ማወቁን በምን እንደምለይ ይቸግረኛል። ገበያ ላይ ያሉት የፕላስቲክ ፊደላት ቀለማቸው ቢያምርም አንዱ ፊደል ከሌላው በምን እንደሚለይ ለልጅ አያሳዩም። በእጄ ያለው ካርቶን፣ ኮላ፣ መቀስና ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። በእነዚህ ምን ብሠራ ይሻላል? ከየትኛውስ ፊደል ልጀምር?

መልስ፦ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጎንደር

ልጁ የያዘው ቅደም ተከተሉን እንጂ ቅርጹን አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ሀሁን የጨረሰ ተማሪ አቡጊዳን የሚቆጥረው ለዚህ ይጠቅም ነበር፤ አ ቡ ጊ ዳ ሲባል ፊደሉ ከለመደው ሰልፍ ወጥቶ ስለሚመጣ በቃል የተያዘው ዜማ አያዋጣም፣ ዓይን መሥራት ይኖርበታል። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲዘረዘሩ 231 ስለሚሆኑ ገበታውን ለጊዜው ከፊቱ ያንሡለት።

በ፣ ለ፣ ሰ እና ከን ከወፍራም ካርቶን በትልቁ ቆርጠው አናጺዎች እንጨት የሚያለሰልሱበትን የብርጭቆ ወረቀት ይለጥፉባቸው፤ ልጁም በሚጻፉበት አቅጣጫ በጣቱ ይከተላቸው። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት ከመክፈቷ በፊት፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች በጣት የሚዳሰሱ የእንጨት ፊደላት አሠርታ ነበር። የእኛ ፊደል ደግሞ ለዚህ ሥራ የተለየ ምቾት አለው። የካዕብን የወገብ ጭረት፣ የሣልስን የግርጌ ጭረትና የኃምስን ቀለበት ከለስላሳ ጨርቅ ለብቻ ሠርተው በቬልክሮ የሚገጠሙና የሚነቀሉ ቢያደርጓቸው፣ ልጁ በን ቡ፣ ቢ፣ ቤ ሲያደርጋት ድምፁ ለምን እንደተለወጠ በእጁ ያገኘዋል። ሳድስና ሳብዕ ግን በዚህ መንገድ አይሄዱም፤ ልን ከብ፣ ሎንም ከቦ ጋር ቢያስተያዩ ለውጡ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ያያሉ፤ ስለዚህ በሙሉ ቅርጻቸው ይቆረጡ። ሳድስ በአማርኛ ቃላት እጅግ ስለሚበዛ ለረጅም ጊዜ ማዘግየት ባይቻልም፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አበባ፣ ቡና፣ ዳቦ፣ ሎሚና ጫማ ያለ ሳድስ ይነበባሉ፤ ዕቃዎቹንም ክፍል ውስጥ ማቅረብ ይቻላል። ሰን ከሸ፣ ተን ከቸ፣ ነን ከኘ ጋር በአንድ ጊዜ አያቅርቡ፤ ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀም ይቆዩ።

መልስ፦ የዳውን ሲንድረም ልጅ እናት፣ አዲስ አበባ

የመምህሩን ምክር አከብራለሁ፤ ነገር ግን ለዚህ ልጅ ከተናጠል ፊደል መጀመሩን አልደግፍም። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ በዓይናቸው ያዩትን በጆሯቸው ከሰሙት አብልጠው ይይዛሉ፤ የመስማት ችግርም በብዛት ያጋጥማቸዋል። ስለዚህ በሰባቱ ድምፆች ልዩነት ላይ የተመሠረተ ትምህርት በጣም በሚከብዳቸው በኩል ይጀምራል። ልጄን ያስጀመርኳት በሙሉ ቃል ነው። የቤተሰቡን ፎቶግራፎች በካርቶን ላይ ለጥፌ ከሥራቸው ስማቸውን ጻፍኩ፤ ስሞቹን ብቻ የያዙ ሌሎች ካርዶችም አዘጋጀሁ። መጀመሪያ ቃሉን ከቃሉ ጋር ታዛምዳለች፤ ቀጥሎ የጠራሁላትን ቃል መርጣ ትሰጠኛለች፤ ራሷ እንድታነብ የምጠይቃት በመጨረሻ ነው። ከዚህ በፊት "ይህ ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ ልጁን አሳፍሮ ከንባብ ያሸሸዋል፤ ይህን አጥብቄ አሳስባለሁ።

መልስ፦ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጎንደር

እመቤቴ፣ ያሉት ትክክል ነው፤ ለዚህ ልጅ የእርስዎ መንገድ ይቅደም። ጥቂት ቃላት በዓይኑ ከለመደ በኋላ የቃሉን ካርድ በየፊደሉ ቆርጦ መልሶ እንዲገጥመው ማድረግ ይቻላል፤ የሚዳሰሱት ፊደላትም ያን ጊዜ ይገባሉ፤ የሚዳስሰው ፊደል ከሚያውቀው ቃል የወጣ ይሆናልና።

መልስ፦ በኦቲዝም ማዕከል የምትሠራ መምህርት፣ አዲስ አበባ

ስለማይናገረው ተማሪ ጥቂት ልበል። አለመናገር አለማንበብ አይደለም። ሁለት ካርዶች አቅርበው "ዳቦ የቱ ነው?" ብለው ቢጠይቁትና በጣቱ ቢያመለክት ወይም ካርዱን አንሥቶ ቢሰጥዎ መልስ ሰጥቷል፤ በአጋጣሚ አለመሆኑን ለማወቅ የካርዶቹን ቦታ እየለዋወጡ ይደጋግሙት። ሸካራ ነገር የሚያስጨንቃቸው ልጆች ስላሉ የብርጭቆ ወረቀቱን በግድ አያስነኩት፤ እጁንም ይዘው አይጎትቱ። ለስላሳ ጨርቅ ወይም በትሪ ላይ የተነጠፈ ደረቅ አሸዋ ያቅርቡለትና ራሱ ይምረጥ። ያገኘውን ወደ አፉ የሚከት ከሆነ ግን አሸዋውም ሆነ በካርቶን ላይ የሚለጠፍ ሽምብራና ባቄላ ይቅርበት።

መልስ፦ ማየት የተሳነው የብሬል መምህር፣ አዲስ አበባ

ስለ ልጅቷ ማንም ስላልተናገረ እኔ ልጨምር። ወረቀቱን ወደ ዓይኗ ማስጠጋቷ ዓይኗን አይጎዳውምና አይከልክሏት። ጽሑፉ ደማቅ ጥቁር፣ ወፍራምና ሰፋ ያለ ይሁን፤ ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ ወይም በፕላስቲክ የተለበጠ አይሁን፤ ብርሃኑም ከፊቷ ሳይሆን ከጎኗ ይምጣ።

በሚዳሰሱ የካርቶን ፊደላት ቅርጽ መለየት ትችላለች፤ መጽሐፍ ማንበብ ግን አትችልም። ስለዚህ እይታዋ እየቀነሰ የሚሄድ መሆኑን የዓይን ሐኪም ከነገረዎ፣ ብሬልን አሁኑኑ፣ እያየች ሳለች ያስጀምሯት። ከእንቁላል መያዣ ካርቶን በሦስት ረድፍ ሁለት ሁለት ጉድጓድ ያለው ቁራጭ ቆርጠው በጉድጓዶቹ የወረቀት ኳስ ብታስቀምጥ ስድስቱን የብሬል ነጥቦች ትለምዳለች። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ፣ መምህሩ የነገሩን የሚነቀል ቅጥያ ለእሷ ሁለት ጊዜ ይጠቅማታል፤ በ እና ቡ በአንድ ተነባቢ እንደሚጀምሩ በካርቶኑ ላይ ከተረዳች የብሬሉ አጻጻፍ አዲስ አይሆንባትም።