ፒ ቫሊዩ ላይ ተይዘናል፤ የሚያስረዳን አለ?

ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ እህቴን ስታቲስቲክስ እያስጠናኋት ነው። መላምት መፈተሽ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ቆምን።

ጥያቄው እንዲህ ይላል። አንድ ሳንቲም 20 ጊዜ ተወርውሮ 15 ጊዜ ጎፈር ወጣ። ሳንቲሙ ያደላል ወይስ አያደላም? መነሻ መላምታችን «አያደላም፣ የጎፈር ዕድል 0.5 ነው» የሚል ነው። መወሰኛው 0.05 ነው፤ ፒ ቫሊዩ የሚባለው ዕድል ከዚህ ካነሰ መላምቱን እንጥላለን።

ስሌቱ አላስቸገረንም። ልክ 15 የመውጣት ዕድል 0.015 ገደማ ነው። መልሱ ግን በዚህ አይቆምም። ከ15 እስከ 20 ያለውን ሁሉ ደምሮ 0.021 ያደርሰዋል። ከዚያ ከ0 እስከ 5 ያለውንም ጨምሮ 0.041 ይላል፤ ፒ ቫሊዩ ያለው ይህንን ነው። እህቴ «የወጣው 15 ነው፣ 18 እዚህ ምን አገባው?» ስትለኝ የምመልስላት አጣሁ። ጥያቄዋ በጣም ተገቢ ነው። «ቀመሩ ነው» ብዬ ላልፋት አልፈልግም።

አንድ ነገር ብቻ ገብቶኛል። የማያደላ ሳንቲም 1000 ጊዜ ተወርውሮ ልክ 500 ጎፈር የመውጣት ዕድሉ እንኳን 0.025 ነው። ከዚህ የተሻለ ሚዛናዊ ውጤት የለም፤ ሆኖም ከ0.05 ያንሳል። ስለዚህ የአንድ ቁጥር ዕድል ብቻውን አይፈርድም። ታዲያ ወደ ጫፍ መደመሩ ለምን መፍትሔ ሆነ? ሁለቱንም ጫፍ የምንወስደውስ መቼ ነው?

ሌላም አለ። 0.041 ማለት «ሳንቲሙ የማያደላ የመሆኑ ዕድል 4 በመቶ ነው» ማለት እንዳልሆነ አንብቤያለሁ። ልዩነቱን ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በምን ምሳሌ ላሳያት? አስተምራችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ምክንያቱን በቀላል አማርኛ ጻፉልን። ፈተናዋ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።