ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮህ ቡችላ፣ ኬጅ ያስለመደ ሰው ይምከረኝ

ሶስተኛ ፎቅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፎቅ ቤት ውስጥ ውሻ ያሳደገ ሰው ካለ እባካችሁ ይምከረኝ ከምር ጨንቆኛል። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ተከራይተን ነው ከታናሽ ወንድሜ ጋር የምንኖረው፣ ከ6 ቀን በፊት ከጀርመን ሸፐርድ የተዳቀለ ቡችላ አመጣን፣ አሁን 9 ሳምንቱ ነው፣ ቡቺ ብለነዋል። ቀን ቀን እግሬ ስር ነው የሚውለው፣ ምንም አያስቸግርም። ማታ ግን ሌላ ነው የሚሆነው።

ውሾች ኬጅ (የሚተኙበት የብረት ሳጥን) ለምደው ካደጉ ቤት አያበላሹም ሲባል ሰምቼ ሰፈር ያለ ብየዳ ቤት በቶንዲኖ አሰራሁለት፣ ሲያድግም እንዲያገለግለው ብዬ ርዝመቱን 1 ሜትር ከ20 አስደረኩት። ድምፁ ወደ ጎረቤት እንዳይሄድ ደሞ ኩሽና አስገብቼው በሩን ዘግቼ መኝታ ቤቴ እገባለሁ። 4 ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ መጀመሪያ ያለቅሳል ከዛ ያላዝናል ከዛ ብረቱን በጥርሱ ይዞ ይንጠዋል፣ 8 ሰዓት አካባቢ የመንገድ ውሾች ሲጮሁ ለነሱ ይመልሳል፣ 11 ሰዓት ላይ የቤተክርስቲያን ማይክ ሲከፈት እንደገና። ጠዋት ሳየው አንዱ ጥግ ሸንቶ ሌላው ጥግ ተኝቶ ነው የማገኘው። በጣም ሲብስበት አወጣዋለሁ፣ ያኔ ዝም ይላል፣ መልሼ ሳስገባው ከበፊቱ ይብሳል። ወንድሜ አንድ ሌሊት ነጠላ ጫማ አንስቶ ኬጁን ሲመታ ደርሼበት ተጣልተናል።

ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ጎረቤት ሲያስል እንኳን ይሰማል። አጠገባችን ያለችው አራስ ናት፣ እሷ ምንም አላለችኝም ግን ደረጃ ላይ ስንገናኝ አይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ ሳየው አፈርኩ። ከታች ያሉት ሰውዬ ለአከራዬ ደውለዋል፣ እሷም እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ቤቱን ትለቂያለሽ ብላኛለች። አሁን የአመት ፈቃድ ላይ ስለሆንኩ 2 ሳምንት ቤት ነኝ። ዝም ብዬ ላስለቅሰው ወይስ ምን ላርግ? መልሼ ልስጠው ብዬም አስቤ ነበር፣ ግን አልቻልኩም።

ከሜሪላንድ፦
አይዞሽ እህቴ። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንት ውስጥ ነው ውሻዬን ያሳደኳት፣ በሁለተኛው ሳምንት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በር ስር ገብቶልኛል፣ እኔም ልክ እንዳንቺ ድምፅ እንዳይወጣ ብዬ ባኞ ቤት ነበር የማስተኛት። ችግሩ እዛው ላይ ነው። ቡቺ የሚጮኸው ኬጁን ጠልቶ አይመስለኝም፣ ብቻውን ስለቀረ ነው። እስከ ባለፈው ሳምንት ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ተደራርቦ ነበር የሚተኛው፣ አሁን ጨለማ ኩሽና ውስጥ ቀዝቃዛ ሴራሚክ ላይ ብቻውን ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታውኑ ኬጁን አልጋሽ አጠገብ አምጪው፣ እጅሽን ዝቅ ስታደርጊ እንዲደርስበት። ድምፁ ለጎረቤት ይበልጥ የሚቀርብ ይመስልሻል፣ ግን አጠገቡ የሰው ትንፋሽ ካለ የሚጮህበት ምክንያት ይቀንሳል።

ሁለተኛ ኬጁ በጣም ትልቅ ነው። ውሻ የሚተኛበት ላይ መሽናት አይወድም፣ ግን አንዱን ጫፍ ሽንት ቤት ሌላውን መኝታ ማድረግ የሚያስችል ቦታ ካለው ያደርገዋል። ቆሞ፣ ዞሮ፣ ተዘርግቶ መተኛት ከቻለ ይበቃዋል። አዲስ አታሰሪ፣ ብየዳ ቤት መልሰሽ ውሰጂና ከመሃል የሚገባ የሚወጣ መከፈያ ያስገቡልሽ፣ ባደገ ቁጥር ወደ ኋላ ትገፊዋለሽ። ጫፉ እንዳይቧጭረው በደንብ ይሞረድ።

ከላይና ከሶስቱ ጎን በአሮጌ ጋቢ ሸፍኚው፣ ወደ አልጋሽ ያለውን ጎን ክፍት ተይው። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ (የፈላ ሳይሆን) ሞልተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ አጠገቡ አስቀምጪለት፣ የወንድሞቹን ሙቀት ይተካለታል፣ የኔዋ እሱ ላይ አገጯን ጥላ ነበር የምትተኛው። ለውጪ ድምፅ ደሞ ቬንትሌተር ካለሽ ክፈቺው ወይ ሬዲዮ ዝቅ አድርገሽ አንድ ቦታ ተይው፣ የመንገድ ውሾቹን ሙሉ በሙሉ ባያጠፋም ያደበዝዘዋል።

ሽንቱን በተመለከተ በዚህ እድሜው ቢበዛ 3 ሰዓት ገደማ ነው የሚይዘው፣ ማታ ትንሽ ሊረዝም ይችላል። እሱ አልቅሶ እስኪቀሰቅስሽ አትጠብቂ፣ አንቺ ቅደሚው። 4 ሰዓት ከተኛችሁ አላርም 7 ሰዓት ላይና 10 ሰዓት ላይ ሙዪ፣ ሳይጮህ አውጪው፣ ይሽና፣ መብራት ሳታበሪ ሳታወሪው ሳታጫውቺው መልሺው። እያለቀሰ ካወጣሽው ግን ጩኸት በር እንደሚከፍት ይማራል፣ እስካሁን ያስተማርሽው እሱን ነው፣ ባንቺ አልፈርድም እኔም አድርጌዋለሁ። ሽንት ይሁን ዝም ብሎ ጩኸት ካልለየሽ እጅሽን በብረቱ አስገቢና ያሽትሽ፣ ትንሽ ጋብ ሲል፣ 3 ሰከንድም ቢሆን፣ ያኔ ክፈቺ።

ይሄ ሁሉ የሌሊቱ ነው፣ ዋናው ትምህርት ግን ቀን ነው። ምግቡን ሁሌ ኬጁ ውስጥ ስጪው፣ በሩ ክፍት ሆኖ። ሁለት ቀን ከዛ በላይ ምንም አትሞክሪ። ከዛ ሲበላ ዝጊና ሳይጨርስ ክፈቺ። ከዛ ከበላ በኋላ 10 ሰከንድ፣ 30 ሰከንድ፣ 1 ደቂቃ፣ አጠገቡ ተቀምጠሽ። ከዛ ተነስተሽ እስከ በር ደርሰሽ ተመለሺ። ካለቀሰ ፈጥነሻል ማለት ነው፣ ወደ ኋላ ትመለሻለሽ። ቡችላ በቀን 18 ሰዓት ሊተኛ ይችላል፣ ስለዚህ ተጫውቶ ሲደክመው እዛው እንዲያንቀላፋ አድርጊው። እኔ ያጠፋሁት ይሄን ነው፣ ቀን አንድም ጊዜ ሳላስገባት ማታ ሲመሽ ብቻ እዘጋባት ነበር፣ ኬጁን ስታየው የምታስበው ጨለማና ብቸኝነት ብቻ ሆነ።

የድሮ ሰው፦
ልጄ የምልሽን በክፉ አታይብኝ። እኔ ደብረ ብርሃን ነው ያደኩት፣ አባቴ ሁሌም ውሻ ነበራቸው፣ ውሻ ግቢ ያድራል፣ ይጠብቃል፣ ቤት አይገባም፣ እንዲህ ያለ ችግር አይተን አናውቅም። ይሄ ያመጣሽው ዘር ነገ 30 ኪሎ ያልፋል። ሶስተኛ ፎቅ ላይ፣ በዛች ጠባብ ቤት፣ ብረት ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ማደሩ ለሱም ግፍ ይመስለኛል። አራሷንም አስቢያት። ግቢ ላለው ዘመድ ብትሰጪውና ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድሽ ብታዪው ሁላችሁም ታርፋላችሁ።

ሶስተኛ ፎቅ፦
ጋሼ በክፉ አላየሁትም፣ እውነትዎን ነው እኔም ስለ መጠኑ አስባለሁ። ግቢ ያለው ዘመድ ጋር አንድ ውሻ አለ፣ ጠዋት ማታ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ነው የሚኖረው፣ እሱን ሳየው ነው ያልቻልኩት። እስከ ወሩ መጨረሻ ልሞክር፣ ካልሆነ ምክርዎን እሰማለሁ።

ነጭ ጋውን፦
የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ቢሾፍቱ ነው የተማርኩት። ጋሼ ያሉት የሚናቅ አይደለም፣ ኬጅ ቀኑን ሙሉ ከተዘጋ ከሰንሰለቱ አይሻልም። መኝታ ነው እንጂ መዋያ መሆን የለበትም፣ በዚህ እድሜ ቀን ላይ በአንድ ጊዜ ከ2 ሰዓት በላይ አይዘጋ፣ ሲያድግ ደሞ በቀን ሁለት ጊዜ በደንብ መሄድ መሮጥ ይፈልጋል፣ እሱን ከአሁኑ ወስኚ።

ኬጁን ከመውቀስሽ በፊት ሰገራውን እዪ። ትል ያለበት ወይ የሚያስቀምጠው ቡችላ ሆዱን ስለሚያመው ነው ሌሊት የሚያለቅሰው። የትል መድኃኒት ወስዶ ካልሆነ ውሰጂው፣ ክትባቱንም እዛው ጀምሪ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ይጀመራል፣ በየ3 ወይ 4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይደገማል፣ የእብድ ውሻው ደሞ 3 ወር ሲሞላው። ክትባቱ እስኪያልቅ ብሎኩ ስር የመንገድ ውሾች የሚሄዱበት አፈር ላይ አታውርጂው፣ ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ አፈር ላይ ወራት ይቆያልና ቡችላ ይገድላል። በረንዳ ላይ ዝቅ ያለ ሳፋ ውስጥ ንፁህ አፈር ወይ ጋዜጣ አርጊለት፣ ከኬጅ እንደወጣ ተሸክመሽ እዛ።

ለማባበያ የሚሆን ጉበት ከልኳንዳ ገዝተሽ በደንብ ቀቅለሽ የጣት ጥፍር አክለሽ ቁረጪው። ጥሬ ጉበትና ሳንባ አትስጪ፣ ውሃ የቋጠረ የሚመስለው እጢ ውስጥ ያለው ትል በውሻው በኩል ለሰው ይተርፋል። ጾም ላይ ልኳንዳ ከተዘጋ የተቀቀለ ካሮት ይበላል። የተረፈ ወጥ ግን በፍፁም፣ ቀይም ነጭም ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፣ የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። የሸናበትን ቦታ በበረኪና አትጠቢው፣ ከሽንቱ ጋር ሲገናኝ መጥፎ ጋዝ ያወጣል፣ አቼቶ በውሃ በጥብጠሽ ተጠቀሚ።

አንድ ነገር ልብ በይ፣ ማልቀስና መደንገጥ ይለያያል። ለሀጩ ደረቱን እስኪያረጥበው ከፈሰሰ፣ አፍንጫውን ወይ ድዱን በብረቱ ካቆሰለ፣ ሽብር ውስጥ ነው ማለት ነው፣ ያኔ ይለምዳል ብለሽ አትተዪው፣ አውጪውና ከመጀመሪያው ጀምሪ። ወንድምሽም ኬጁን አይምታ። ሲፈራ ይብስበታል እንጂ አይቀንስም።

የልጆች እናት፦
እኔ ደሞ ከግድግዳው ማዶ ያለችውን ሆኜ ልናገር፣ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ አራስ እያለሁ ከላያችን ያሉት ቡችላ አመጡ። በጣም ያናደደኝ ጩኸቱ ብቻ አልነበረም፣ አንድም ሰው መጥቶ ይቅርታ አለማለቱ ነበር። መቼ እንደሚያልቅ ሳታውቂ ሌሊቱን መጠበቅ ከባድ ነው። ሂጂና አንኳኪ፣ ገንፎ ወይ አጥሚት የሚሆን ነገር ይዘሽ፣ ምን እየሞከርሽ እንደሆነና እስከ መቼ እንደሆነ ንገሪያት። ህፃኑ ቀን ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ጠይቂያት፣ የቀኑን ልምምድ በዛ ሰዓት አታድርጊው። የታችኛው ሰውዬ ጋርም ሂጂ፣ ስልክ አይበቃም። ደረጃ ላይ ደሞ ታቅፈሽው ሂጂ፣ ለጸሎት የሚወጣ ሰው አለ፣ ወደ ቤተክርስቲያንም ወደ መስጊድም ሲሄዱ ልብሳቸውን ቢልሰው ያስቀይማቸዋል።

ሶስተኛ ፎቅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ 12ኛ ቀን ነው፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ኬጁን አልጋዬ አጠገብ ያመጣሁበት የመጀመሪያ ማታ 40 ደቂቃ አለቀሰ፣ ጣቴን በብረቱ አስገብቼ ተኛሁ፣ እጄ ደነዘዘ ግን ተኛ። 7 ሰዓት ላይ አላርሜ ሲጮህ እሱ ገና አልነቃም ነበር፣ ተሸክሜው በረንዳ ሄድን ሳፋው ላይ ሸና መለስኩት፣ ትንሽ አጉረምርሞ ተወው። ሶስተኛው ማታ ላይ ግን በጣም ባሰበት፣ ከበፊቱም በላይ፣ ተስፋ ቆርጬ ላወጣው ስል ያቺ 3 ሰከንድ ትዝ አለችኝና ጠበኩ፣ ከዛ ማታ ወዲህ ነው የቀነሰው። አሁን 5 ደቂቃ ያህል ያላዝናል በቃ። ብየዳ ቤቱ መከፈያውን ሰርቶልኝ ካስገባሁት ወዲህ ውስጥ አንድም ቀን አልሸናም። ትልም ነበረበት፣ መድኃኒቱን ሲወስድ ወጣ፣ ምስኪን ሆዱ ነበር የሚያመው ማለት ነው። የማይኩን ሰዓት ግን አላሸነፍንም፣ 11 ሰዓት ላይ ተነስቶ አብሮ ያላዝናል፣ ስለዚህ እኔም ያኔ ተነስቼ በረንዳ አወጣውና ቁርሱን እዛው ኬጁ ውስጥ እሰጠዋለሁ፣ አፉ ስራ ሲይዝ ዝም ይላል።

አራሷ ጋር አጥሚት ይዤ ሄድኩ። አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ልጇ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ነው ቀን የሚተኛው፣ በዛ ሰዓት ቡቺን ይዤ ጓደኛዬ ግቢ እሄዳለሁ፣ ሌላ ውሻ የሌለበት ስለሆነ ቡቺን ያየችው ሐኪምም ይቻላል ብላኛለች። የታችኛው ሰውዬ መጀመሪያ በር ላይ አቆሙኝ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ስነግራቸው እሺ እናያለን አሉ። አከራዬም ከዛ ወዲህ አልደወለችም።

አሁን የቀረኝ ሰኞ ስራ መጀመሬ ነው። ወንድሜ እስከ 6 ሰዓት ክፍል አለው፣ እኔ 2 ሰዓት ላይ እወጣለሁ፣ መሃሉ 4 ሰዓት ነው። ምን ይሻላል?

ነጭ ጋውን፦
4 ሰዓት ኬጅ ውስጥ ለዚህ እድሜ ይበዛል። ኩሽናው ውስጥ መሬት ላይ ያለውን ሽቦና በረኪና የመሳሰለውን ሁሉ አንስተሽ ባዶ አርጊው፣ ኬጁ በሩ ክፍት ሆኖ እዛ ይሁን፣ ሳፋውም። ዛሬና ነገ አንቺ ሳሎን እያለሽ ኩሽና መዋል ይለማመድ፣ 10 ደቂቃ ከዛ ግማሽ ሰዓት፣ ሰኞ የመጀመሪያው ቀን እንዳይሆንበት። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አንድ ሰው ገብቶ ቢያየው ደሞ ጥሩ ነው።

ሶስተኛ ፎቅ፦
የአራሷ እናት ቀን ቀን እዛው እሷ ቤት ነው የሚውሉት፣ ራሳቸው ቁልፉን ስጪኝ ብለውኛል። ዛሬ ከሰዓት ከቡቺ ጋር ላስተዋውቃቸው ነው፣ ጉበቱ ምድጃ ላይ ነው።