ኤፒግሎቲሱ ይታየኛል፣ የድምፅ አውታሩ ግን የለም!

የደሴዋ ተማሪ፦
ዛሬ የመለማመጃ አሻንጉሊቱ ላይ የመተንፈሻ ቲዩብ ማስገባት (ኢንቱቤሽን) አራቴ ሞከርኩ። በማኪንቶሽ 3 ብሌድ (ጥምዙ የጉሮሮ ማያ ብረት) ገብቼ ኤፒግሎቲሱን፣ የአየር ቧንቧውን ክዳን፣ አያለሁ፣ ከኋላው ምንም። ስታገል የፊት ጥርሱ ቀጭ አለ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ምኑን ነው የምሳሳተው?

ኮምቦልቻ፣ የማታ ተረኛ፦
አይዞሽ እህቴ፣ ሁላችንም ጥርስ ሰብረናል (የፕላስቲኩን)። በቀኝ የአፍ ጥግ ገብተሽ ምላሱን ወደ ግራ ጥረጊው። የብሌዱ ጫፍ ቫሌኩላ ላይ፣ በምላስ ሥርና በኤፒግሎቲስ መሃል፣ ይረፍ። ከዚያ እጅሽን ወደ ራስሽ አትቆልምሚ! መያዣው ወደሚያመለክትበት፣ ወደ ፊትና ወደ ላይ አንሺው። እኔ የገባኝ «ጣሪያና ግድግዳ የሚገናኙበትን እያየህ አንሳ» ሲሉኝ ነው።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
ትራስስ? ጭንቅላቱ ዝርግ ካለ የሐረጎን ዳገት በእግር መውጣት ነው።

የደሴዋ ተማሪ፦
ጋቢዬን አጣጥፌ ከሥሩ አደረግሁ፤ ታየኝ! ግን ቲዩቡን 27 ሴንቲሜትር ላይ አሰርኩት፣ ግራ ሳንባው አልነፋ አለ።

ኮምቦልቻ፣ የማታ ተረኛ፦
ቀኝ ብሮንከስ (ወደ ቀኝ ሳንባ የሚሄደው ቅርንጫፍ) ገብተሻል፤ ከግራው ሰፋ፣ ቀጥም ይላል። ጥርስ ላይ ለሴት 21፣ ለወንድ 23 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በሰው ላይ ደግሞ ካፕኖግራፉን (ከሳንባ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያሳየውን) ሳታዪ «ገብቷል» አትበይ። ጆሮዬን አምኜ ጨጓራ የነፋሁባት ሌሊት አሁንም ታባንነኛለች።